ከደምበጫ የቀዳሁት

ማለዳ ነው፤ ማርቆስ፤ መናኸሪያው ጭቃ።
ማይኩን እንደ አራስ ልጅ
ጠቅልዬ በነጠላ፣ እንዳይነቃ፣
ከሾፌሩ ኋላ፣ ከዶሮ ቅርጫት ጎን ተጣብቄ
ሄድሁ ወደ ደምበጫ፣ አንድ ድምፅ ናፍቄ።

የወፍጮ ድምፅ ነው፤ የድሮው፣ የናፍጣ፤
ጭስ መውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ታስሮበት
"ኩክ" ሲል ከተምጫ ማዶ፣
አገሩ እህሉን ጭኖ የሚመጣ።
የልጅነት ሰዓቴ እሱ ነበር፦
ሲጀምር ተነሥ፣ ሲያቆም ግባ።
ለአርባ ደቂቃ ዝግጅት፣ ለመግቢያው ሃያ ሰከንድ፣
እሱን ብቻ አልሁ ላስገባ።

ወፍጮ ቤቱ አለ።
ግን በመብራት ሆኗል፤ እንደ ንብ እንጂ እንደ በሬ አይጮህም።
አሮጌው ሞተር ጓሮ ወድቋል፣
ዶሮ ትጥልበታለች፤ አይነሣም፣ አይሞትም።
ዛሬ ደግሞ መብራት የለም፤
ሰልፉ ከነስልቻው ደጅ ተቀምጧል።

ባለወፍጮው ስማቸው ይስማው ነው።
ይስማው አይሰሙም።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚያ ሞተር አጠገብ
በቆሎ ሲፈጩ፣ ጤፍ ሲፈጩ፣ ዳጉሳ ሲፈጩ፣
ጆሯቸውንም አብረው ፈጩ።

አሥራ አራት ጥያቄ ጽፌ መጥቻለሁ።
አንድ በአንድ ለባለቤታቸው፣ ለወይዘሮ አትጠገብ፤
እሳቸው ደግሞ በእጅ ያቀብላሉ፣
ጣት ለጣት፣ ቅንድብ ለቅንድብ።
እኔ በማዳመጫዬ የማገኘው
የቀሚሳቸው ኮሽታ፣ የአምባር ቅጭልታ፤
እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ
ቀድቼ አላውቅ፣ አንድም ለታ።

"ወፍጮው እንዴት ነበር የሚጮኸው?" ብዬ በእጃቸው ላክሁ።
ይስማው ዓይናቸውን ከደኑ፣
ከንፈር አሞጥሙጠው፣ ደረታቸውን ሞልተው፣ ሞተር ሆኑ፦
"ኩክ… ኩክ… ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክኩክኩክ"
መርፌዋ ቀዩን ነክታ ተመለሰች፣
ደጅ የታሰረች አህያ ጆሮዋን አቆመች፤
ከሰልፉ አንዷ ሴት ሣቀች።
ሌላዋ አልሣቀችም፤
ተነሥታ ስልቻዋን አነሣች።

መጨረሻ ላይ፣ እንደ ሙያው ሥርዓት፣
"አንድ ደቂቃ ማንም እንዳይናገር፤
የቤቱን ዝምታ ልቅዳበት" አልሁ።
(ቃል ስንቆርጥ ቀዳዳውን የምንለጥፍበት
ጨርቅ ነው ዝምታ፤
ከዚያው ቤት ካልተቀደደ ያሳብቃል ስፌት።)
አትጠገብ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ወደኔ ጠቆሙ።
ይስማው ሣቅ ጣላቸው፤ ጉልበታቸውን መቱ፦
"ዝምታ ነው ከማርቆስ ያስመጣህ?
አንተ ልጅ! እኔ ዘንድ በኩንታል አለ፤
የአሥራ አንድ ዓመት፣ እጅ ያልነካው።
ቋቱ ሙሉ ነው፣ ስፈርና ውሰድ፤
መጫኛህን ብቻ አጥብቅ፣ እንዳይፈስህ በመንገድ።"

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ የተለጠፈበት ክፍል።
አለቃዬ መልእክት ትቶልኛል፦
"ይሄ አፍ ነው እንጂ ሞተር አይደለም። ቀልድ ይመስላል።
ከማኅደር ፈልግ።"
ማኅደሩ ውስጥ ሞተር ሞልቷል፤
ጥርት ያለ፣ አገር የሌለው።
ጎን ለጎን አሰማኋቸው።
የሞተሩ ሞተር ነው።
የሽማግሌው ሰው ይጠራል።

የማኅደሩን ጣልሁት።
የራሴንም ድምፅ ቆረጥሁ፣
ያን ሁሉ ማብራሪያ፣ "ዘመን ሲነጉድ" ምናምን።
ቀዳዳውን ልለጥፍ
ያቺን አንድ ደቂቃ ከፈትሁና
እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ ሰማሁ።
ዝንብ አለ።
ቆርቆሮ ጣሪያው ፀሐይ ሲመታው ጠሽ ይላል።
ሩቅ፣ ወደ ጅጋ የሚያዘግም መኪና።
ከሁሉም ሥር፣ ከንፈር ሳይከፈት፣
እንደ ትንፋሽ፣
"ኩክ… ኩክ…"

መቆሙን አልሰሙም።